ሚዛኑ ይቆየኝ፣ ግፊቴን ለኩልኝ

እናቶቼ፣ እህቶቼ፣ እንደምን አመሻችሁ።

አገር ቤት ዘመድ ሲቀበለን «ወፈርሽ፣ አማረብሽ!» ይለን ነበር። የከሳችው ደግሞ «ምነው፣ አሞሽ ነበር?» ትባላለች። እዚህ ሜሪላንድ ሐኪም ቤት ስንገባ ነገሩ ተገለበጠ። ጉልበቴን ብንል ክብደት ቀንሺ፤ ራሴን ብንልም ክብደት ቀንሺ።

ነርስ ነኝ፤ ዛሬ ግን የማወራችሁ ስለ ራሴ ክንድ ነው። አንድ ክሊኒክ ግፊቴን ሊለኩ ማሰሪያውን ጠመጠሙልኝ። አየር ሲሞላ ማጣበቂያው ጠርር ብሎ ተላቀቀ። እንደገና አሰሩትና በእጃቸው ደግፈው ያዙት። ቁጥሩ ከፍ አለ፤ መድኃኒት ይጨመርላት ተባለ። «እባካችሁ ሰፊውን አምጡልኝ» አልኩ። በእሱ ሲለካ ወረደ። ለካ እዚያው መሳቢያ ውስጥ ነበር! እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ እጅግ ሰፊውን ማሰሪያ ለሚፈልግ ክንድ መደበኛውን ብናስር የላይኛው ቁጥር በ20 ገደማ ይንራል። ከጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ግፊት አለባቸው፤ በእነሱ ላይ እንዲህ ዓይነት ስሕተት ቀላል አይደለም።

ክብደትን ከቁመት ጋር አነጻጽሮ ወፍራም ቀጭን የሚለውን፣ ቢ.ኤም.አይ የሚባለውን ስሌት በ1830ዎቹ የቀመረው ኬትሌ የተባለ ቤልጂጋዊ የቁጥር ሊቅ ነው፤ ሐኪም እንኳ አልነበረም። የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር ራሱ በ2023 ልኬቱ በአብዛኛው በነጮች ላይ የተመሠረተ መሆኑን አምኖ፣ ብቻውን መፍረጃ እንዳይሆን መክሯል። ቀጭኖቹም አትዘናጉ። ወደ እስራኤል የገቡት ቤተ እስራኤላውያን ወገኖቻችን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ስኳር ሲበዛባቸው፣ ብዙዎቹ ቀጫጭን ነበሩ።

ክብደት መቀነስ አይጠቅምም አላልኩም፤ እንዳታጣሉኝ። ስኳርን ለመከላከል አሜሪካ ውስጥ በተደረገው ትልቅ ጥናት የቀነሱት በጣም ተጠቅመዋል። ግን እዚያው ጥናት ውስጥ፣ የታሰበላቸውን ያህል ያልቀነሱ ሆነው በሳምንት 150 ደቂቃ የተንቀሳቀሱትም በስኳር የመያዝ ዕድላቸው በ44 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ሚዛኑ የታሰበውን ያህል ባይወርድም ማለት ነው። ሁለት ፈረቃ ለምትሠራ ሴት ይህን የነገራት ማን ነው? ሚዛኑ አልወርድ ሲል ተስፋ ቆርጣ እግር ጉዞውንም ትተዋለች፣ ስድብ ላለመስማት ሐኪም ቤቱንም ትቀራለች።

ስለዚህ ሐኪም ቤት ስትገቡ «ሚዛኑ ይቆየኝ፣ መጀመሪያ ግፊቴንና ስኳሬን ለኩልኝ» በሉ። «ቀጭን ሰው እንዲህ ቢያመው ምን ታዙለት ነበር?» ብላችሁም ጠይቁ።

በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ሦስት ዓይነት ማሰሪያ አምጥቻለሁ። ቡናው እስኪፈላ ክንዳችሁን ይዛችሁ ኑ።