የጻፍከውን ወዴት አደረስከው?

የተከበራችሁ የዞንና የወረዳ አመራሮች፣ የቀበሌ ሊቀመናብርት፣ የቅድመ ማስጠንቀቂያ ባልደረቦቼ፤ ከመንዝ፣ ከመርሐቤቴ፣ ከይፋትና ከምንጃር ድረስ የመጣችሁ እናቶችና አባቶች፤ እንደምን አረፈዳችሁ።

ስለ ክረምቱ ዝግጁነት እንድናገር ነው የተጋበዝኩት። ስለ ዝናቡ ትንበያ ከእኔ የተሻለ የሚያውቁ ሰዎች ከጠዋት ጀምሮ አስረድተውናል። እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት በወረዳ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥራ ላይ ነው። ጡረታ ከወጣሁ በኋላም ከሆዴ ያልወጣ አንድ ነገር አለ። ዛሬ የመጣሁት እሱን ለመናገር ነው።

አደጋው የሚደርሰው ታች ነው። ገንዘቡ፣ ማሽኑና ፊርማው ያሉት ላይ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ ሰው እየገደለብን ነው።

አደጋ ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም። ትልልቆቹ ታስታውሳላችሁ፤ በ1953 በከረቆሬ በኩል መሬት ተንቀጥቅጦ ማጀቴ ፈራርሳለች። በ1977 ድርቅ ከይፋትና ከመንዝ ስንቱ ቤቱን ዘግቶ ወደ አስፋልቱ እንደወረደ ወላጆቻችን ነግረውናል። በመስከረም 1998 ደብረ ሲና ሥር፣ ይዛባና ሾተል አምባ ላይ፣ መሬቱ ከነቤቱ ከነማሳው ተንሸራቷል። በ2012 እና በ2013 አንበጣ በይፋት ቆላ ማሽላና ጤፍ ላይ ወርዷል። አጣዬ በ2013 ስትነድ ጭሱን ያየ ሰው እዚህ አዳራሽ ውስጥ አለ። ተፈናቅሎ ደብረ ብርሃን የገባውን ወገን በመጀመሪያው ቀን እንጀራ ይዞ የተቀበለው ማን እንደሆነም እናውቃለን። የከተማው ሰው ነው።

አሁን አንድ ነገር ላጫውታችሁ። የወረዳውንም የሰዎቹንም ስም አልጠራም። ለመክሰስ አይደለም የመጣሁት።

ወሩ ነሐሴ ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ስልኬ ጮኸ። የቀበሌው ሊቀመንበር ነው። «መሬቱ እየጮኸ ነው» አለኝ። ሌላ ምንም አልጨመረም። ዝናቡ ሦስት ቀን ሙሉ አላባራም ነበር። ከሳምንት በፊት ከቤቶቹ በላይ ያለው ምንጭ ደፍርሶ፣ ከዚያ ቦታውን ቀይሮ እንደነበር ሽማግሌዎቹ ነግረውን ነበር። እኔም ጽፌዋለሁ። በወርሃዊ ሪፖርቱ ገጽ 4 ላይ አለ።

ሲነጋ ደረስን። መንገዱ የለም። ተራራው ግማሽ ጎኑን ጥሎ መንገዱን በልቶታል። ከጭቃው ወዲያ 40 የሚሆኑ አባወራዎች ቀርተዋል። ከነሱ ውስጥ አንዷ ምጥ ይዟታል።

የሚያስፈልገን አንድ ሎደር ነበር። አንድ ብቻ። ከዚያ ቦታ 11 ኪሎ ሜትር ላይ መንገድ ሥራ ላይ የነበረ ሎደር ቆሟል። ኦፕሬተሩን አገኘሁት፤ ወጣት ልጅ ነው፤ ቡትስ ጫማውን እያጠለቀ «እመጣለሁ፣ ናፍጣና የአለቃዬን ፈቃድ ብቻ አምጣልኝ» አለ። ናፍጣውን ማን ይግዛ? የወረዳው መጠባበቂያ በጀት በሰኔ አልቋል። የአዲሱ ዓመት በጀት ገና አልተለቀቀም። ፈቃዱን ማን ይስጥ? «ደብዳቤ ከዞን ይምጣ» ተባለ። ዞን «ከክልል ይምጣ» አለ። ክልል «ጥናት ተደርጎ፣ የጉዳቱ መጠን ተለይቶ ይላክልን» አለ።

እኛ ጥናት ስናጠና የቀበሌው ሰው ዶማና አካፋ ይዞ ወጣ። ሴቶቹ ጭቃውን በቅርጫት እየሞሉ ያወጡ ነበር። ምጥ የያዛትን ሴት በቃሬዛ ተሸክመው፣ እየተቀባበሉ፣ ጭቃው ወገባቸው ድረስ እየደረሰ አሻገሯት። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ጤና ጣቢያ ደረሰች። እሷ ተረፈች። ልጇ አልተረፈም።

ሎደሩ የደረሰው በዘጠነኛው ቀን ነው። መንገዱን በሦስት ሰዓት ከፈተው። ሦስት ሰዓት! እዚያው ቆሜ ሰዓቴን አየሁ።

ቀጥሎ የሆነው ግን ከዚህ ይብሳል። የወረዳ ቡድን መጥቶ ተጎጂዎቹን መዘገበ። ከዚያ የዞን ቡድን መጣ። ከዚያ ከላይ ሌላ ቡድን መጣ። ሦስቱንም ይዤ የሄድኩት እኔ ነኝ። አንዲት እናት ጎተራቸው ተቀብሮባቸዋል። ልጆቻቸው ገብሱን ቆፍረው አውጥተው ፕላስቲክ ላይ አስጥተውታል፤ አብቅሎ ነጭ ሥር አውጥቷል፤ ሽታው ከደጅ ይቀበላል። ለሦስተኛ ጊዜ ቁጭ ብዬ እስክሪብቶ አወጣሁ። «እማማ፣ ስንት ልጅ አለዎት?» አልኳቸው። ዝም ብለው አዩኝ። ቀጥለው እንዲህ አሉ፦ «ልጄ፣ ባለፈው ጽፈኸው የለ? የጻፍከውን ወዴት አደረስከው?»

መልስ አልነበረኝም። ዛሬም የለኝም።

የእርዳታው ስንዴ በኅዳር መጣ። እስከዚያ እነዚያን ሰዎች ያበላው እድሩና ጎረቤቱ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባል የለ! መኪናው ሲገባ ሰው አላጨበጨበም። ተሰልፎ ወሰደ፤ ወደ ቤቱ ሄደ።

ወገኖቼ፣ ይሄ የአንድ ክፉ ሹም ሥራ አይደለም። በየደረጃው ያለው ሰው መመሪያውን ነው የተከተለው። መመሪያው ነው መሬቱን የማያውቀው!

ሕጉ ግን ከእኛ ጋር ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 89 ንዑስ አንቀጽ 3 መንግሥት አደጋን የመከላከል፣ አደጋ ሲደርስም ለተጎጂው እርዳታ በወቅቱ የማድረስ ኃላፊነት አለበት ይላል። «በወቅቱ» የምትለዋን ቃል ልብ በሉ። ኅዳር ለነሐሴ ወቅቱ አይደለም። በ2005 የወጣው የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ፖሊሲም ሥራው ያልተማከለ እንዲሆን፣ እስከ ወረዳ እንዲወርድ ብሏል። ሥራው ወርዷል፤ ሪፖርት መጻፉ ወርዷል፤ ቆጠራው ወርዷል። ገንዘቡ አልወረደም!

ሌላው አገር እንዴት እንደሚያደርገው ለማወቅ ብዬ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሳነብ ነበር። ህንድ እንደኛው ፌዴራል አገር ናት። እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣችው የአደጋ ሕግ እያንዳንዱ ክልል የራሱ የአደጋ ምላሽ ፈንድ አለው። ከፈንዱ 75 በመቶውን ማዕከላዊው መንግሥት ይሸፍናል። ለሂማላያ ተራራማ ክልሎችና ለሰሜን ምሥራቁ 90 በመቶ ያደርስላቸዋል፤ ገደል ላይ የሚኖር ሰው አቅሙ እንደማይበቃ ገብቷቸዋል። ገንዘቡ በዓመት በሁለት ዙር ይላካል። አደጋው ሲደርስ ክልሉ ያንን ከፍቶ ይሠራል። ጉዳቱ ከአቅሙ በላይ ከሆነ ያኔ የማዕከሉ ቡድን መጥቶ አጥንቶ ከብሔራዊው ፈንድ ይጨምራል። ጥናቱ አለ፤ ግን ከመጀመሪያው አካፋ በኋላ ነው የሚመጣው። ልዩነቱ ይሄ ነው።

ማዕከሉ አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። እንዲህ ብላችሁ እንዳትወስዱብኝ። አንበጣን በወረዳ በጀት መከላከል አይቻልም፤ አውሮፕላን ይፈልጋል። የመጠባበቂያ እህል ክምችት፣ የመሬት መንቀጥቀጥ ክትትል፣ የአየር ትንበያ የማዕከሉ ሥራ ናቸው። ከ1966ቱ ረሀብ በኋላ የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን የተቋቋመውም ክፍለ ሀገሩ ብቻውን ስለማይችል ነው። ኮሚሽኑ ስሙ ስንት ጊዜ ቢለወጥም ያ ምክንያት አልተለወጠም። ትልቁን ሸክም ማዕከሉ ይሸከም። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ግን የወረዳው ናቸው። ሌላ ማንም አይደርስባቸውም።

በሐምሌ 2016 ጎፋ ላይ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ የሆነውን ሁላችሁም ሰምታችኋል። ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ከሞቱት ብዙዎቹ ቀድሞ የተቀበረውን ጎረቤታቸውን ሊያወጡ በእጃቸውና በዶማ ሲቆፍሩ ሁለተኛው ናዳ የወረደባቸው ናቸው። የመጀመሪያው ሰዓት የጎረቤት ነው የምለው ለዚህ ነው። ጎረቤት ደግሞ ባዶ እጁን መሄድ የለበትም! ሁለተኛው ናዳ እንደሚመጣ የሚነግረው፣ ከሥፍራው ዞር የሚያደርገው የሠለጠነ ሰው ከጎኑ ሊኖር ይገባል።

መንዞች ይሄን ነገር ከኛ ቢሮ በፊት ያውቁታል። የጋራ የሣር መሬታቸውን፣ ጓሳን፣ ለዓመታት ዘግተው ያቆዩት ነበር። ድርቅ ሲመጣ ከፍተው ከብታቸውን ያግዱበታል፣ ሣሩን ያጭዱታል። መቼ እንደሚከፈት የሚወስነው እዚያው ያለው ሰው ነበር። ደጋው ላይ በልግ ሲቀር ወሳኙ ሰው አጠገባቸው ነበር ማለት ነው።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። የወረዳ መጠባበቂያ በጀት በሰኔ አልቆ ነሐሴ ባዶ እንዳይሆን፣ ለክረምቱ ወራት የማይነካ ገንዘብ ይቀመጥ። በዞኑ ውስጥ የሚሠራ ማንኛውም ኮንትራክተር አደጋ ሲደርስ ማሽኑን በወረዳ አስተዳዳሪ ቃል እንዲያወጣ ውሉ ላይ ይጻፍ። ምዝገባው አንድ ጊዜ ይሁን፤ ሦስቱም ደረጃ ያንኑ ወረቀት ይቀበል። ስንዴና ድንኳን ደግሞ ከሐምሌ በፊት ደብረ ሲና፣ መሐል ሜዳና ዓለም ከተማ ይግባ፤ መንገድ ከተቆረጠ በኋላ ከደብረ ብርሃን መጫን ዋጋ የለውም።

የማሽኑን ጉዳይ በሚመለከት አንድ ገጽ ጽፌ ለሰብሳቢው ሰጥቻለሁ። የወረዳ አስተዳዳሪዎች ሁላችሁም እዚህ ናችሁ። ሰኔ ሊገባ 12 ቀን ቀርቶታል። ከምሳ በፊት አንብባችሁ ፈርሙልኝ።

አመሰግናለሁ።