ለሾፌሩም እጃችንን እናሳይ
በአዲስ አበባ በአንድ የብስክሌተኞች ማኅበር ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ሰብሳቢው ያደረጉት የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ የተገኛችሁ የትራፊክ ፖሊስ ባልደረቦች፣ የሚኒባስ ታክሲ አሽከርካሪ ወንድሞቻችን፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፤ እንኳን በደኅና መጣችሁ።

የዓመቱ ክንውን፣ የውድድር ውጤትና የሒሳብ ሪፖርት ከእኔ በኋላ በየተራው ይቀርባሉ። እኔ የተሰጠኝን ጊዜ በሙሉ ለአንድ ጉዳይ ላውለው ፈልጌአለሁ፤ እርሱም ከአሽከርካሪዎች ጋር ያለን ጠብ ነው። ጠብ ያልኩት አውቄ ነው። ዘንድሮ ከአባላት የሰማሁት አቤቱታ አብዛኛው ስለ ጎማ ወይም ስለ ፍሬን አልነበረም። ስለ ስድብ፣ ስለ መገፋትና ሆን ተብሎ ስለሚዘጋ መንገድ ነበር።

ባለፈው ወር መገናኛ አካባቢ በዓይኔ ያየሁትን ልንገራችሁ። ጠዋት ነው፤ ሰው ሁሉ ወደ ሥራው ይጣደፋል። ከአንድ ሚኒባስ ውስጥ «ወራጅ አለ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ሾፌሩ ፍሬቻ ሳያሳይ ወደ ቀኝ ጥግ ገባ። በዚያው ቅጽበት በቀኙ በኩል አንድ ወጣት ብስክሌተኛ እየበረረ ደረሰ፤ ከኋላው ያለውን ቀይ መብራት ጥሶ የመጣ ነው። የብስክሌቱ መሪ ስፖኪዮውን መትቶ ሰበረው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጁ ከጭረት በቀር አልተጎዳም። ሾፌሩ ወርዶ «እናንተ ሰዎች ቀይ መብራት የሚባል አታውቁም!» አለ። ልጁም «አንተስ ፍሬቻ ታውቃለህ?» ሲል መለሰ። ተሳፋሪው በሾፌሩ ወገን፣ መንገደኛው በልጁ ወገን ሆኖ ሩብ ሰዓት ያህል ተጯጯኹ። ከኋላ የተደረደረው መኪና ሁሉ ጡሩንባውን ይነፋል።

ሁለቱም የተናገሩት እውነት ነበር። ልጁ መብራት ጥሷል፤ ሾፌሩ ፍሬቻ አላሳየም። ሆኖም እያንዳንዳቸው የሌላውን ጥፋት ለራሳቸው ጥፋት መሸፈኛ አደረጉት። ወደ ቤቴ ስመለስ ያስጨነቀኝ ይህ ነው። ልጁ አባላችን ነው። አሁንም እዚህ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጧል፤ ታሪኩን እንድናገር የፈቀደልኝም እርሱ ነው፤ ለዚህም አመሰግነዋለሁ።

እንግዲህ ከራሳችን ልጀምር። አሽከርካሪዎች በእኛ ላይ የሚያነሡት ክስ ብዙ ነው፤ አብዛኛውም እውነት ነው። ከመሸ በኋላ ያለ መብራት እንነዳለን። ዞሮ መምጣቱ ሲረዝምብን በተቃራኒ አቅጣጫ እንመጣለን። መብራት ሲይዘን የእግረኛ መንገድ ላይ እንወጣለን፤ ዜብራውን እንደ እግረኛ ተሻግረን ወዲያው እንደ ተሽከርካሪ አስፋልት ውስጥ እንገባለን። ሁለቱንም ጆሯችንን በማዳመጫ ደፍነን እንሄዳለን። ዳገት ሲከብደን የአይሱዙ ኋላ ይዘን እንሳባለን። ይህን የመጨረሻውን እኔም በወጣትነቴ አድርጌዋለሁ። ከለገሃር ወደ ፒያሳ በሚወጣው የቸርችል ጎዳና ዳገት የጭነት መኪና ይዤ የወጣሁባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። አንድ ቀን መኪናው ድንገት ፍሬን ሲይዝ በደረቴ ገጨሁት። የተሰነጠቀው የጎድን አጥንቴ ድኗል። ሾፌሩ ግን ወርዶ መሬት ላይ ሲያየኝ ሰው የገደለ መስሎት እንዴት እንደተንቀጠቀጠ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። በዚያ ሰው ላይ ላደረስኩት ድንጋጤ ማንም አልጠየቀኝም፤ ራሴን ግን እጠይቃለሁ።

ይህን ከተናገርኩ በኋላ ሌላውን ባልናገር እናንተን መካድ ይሆንብኛል። ሁለታችንም ብናጠፋም ጥፋታችን እኩል አይመዝንም። ብስክሌትና ነጂው ተደምረው መቶ ኪሎ ቢሞሉ ነው፤ ባዶ ሚኒባስ ብቻውን ከአንድ ቶን ተኩል ይበልጣል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ ውስጥ 14 ሜትር ያህል ይጓዛል። ሾፌሩ አደጋውን አይቶ እግሩ ገና ፍሬኑን ሳይረግጥ ማለት ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የግጭቱ ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰው በመንገድ አደጋ እንደሚሞት፣ ከእነዚህም ከግማሽ በላይ እግረኞች፣ ብስክሌተኞችና ሞተረኞች እንደሆኑ ገልጿል። በዙሪያው ብረት የሌለው ሰው ነው እየሞተ ያለው።

ለአሽከርካሪ ወንድሞቻችን በአክብሮት የምለው አለኝ። አንድ ብስክሌተኛ መብራት ሲጥስ ሁላችንም «ብስክሌተኞች» ተብለን እንወቀሳለን። እናንተም «ባለ ታክሲ» እየተባላችሁ በጅምላ ስትሰደቡ እንደምትኖሩ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ሕመሙን ከማንም ይልቅ ታውቁታላችሁ። «መጀመሪያ ሕግ አክብሩ፤ ከዚያ መንገድ ጠይቁ» የሚለውን ንግግር ግን አልቀበለውም። በደኅና ወደ ቤት መመለስ በመልካም ጠባይ የሚገዛ ነገር አይደለም። ያጠፋውም ልጅ ማታ በር በሩን እያየች የምትጠብቀው እናት አለችው።

እንዲህ ከሆነ እኛ ሕግ የምናከብረው ለምንድን ነው? መልሱን ከራሳችን ልምድ ውስጥ አገኘዋለሁ። እሑድ እሑድ በቡድን ተጠጋግተን ስንነዳ የምናደርገውን አስቡ። ፊት ያለው ጉድጓድ ሲያይ ጣቱን ወደ መሬት ይጠቁማል። ጥግ ላይ የቆመ መኪና ሲያይ እጁን ከወገቡ በስተኋላ ያወዛውዛል። ሊቆም ሲል እጁን ያነሣል። ከኋላ ያለው የሚያየው የጓደኛውን ጀርባ ብቻ ስለሆነ ሕይወቱ በዚያ እጅ ላይ ነው። ጉድጓድ አይቶ ዝም ያለ ሰው በሚቀጥለው እሑድ አብሮን እንዲወጣ አንፈልግም። ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ ስትሳተፍ ወደ ሜልቦርን ከሄዱት መካከል ገረመው ደንቦባን የመሰሉ ብስክሌተኞች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ያ ውድድር ወደ ሁለት መቶ የሚጠጉ ሰዎች ጎማ ለጎማ ተጠጋግተው የሚበሩበት ነው። አንዱ ቀጥሎ የሚያደርገው ለሌላው ካልታወቀ ብዙዎች በአንድ ጊዜ ይወድቃሉ። ታዲያ ለጓደኛችን ጉድጓድ የምንጠቁም ሰዎች ለሾፌሩ መታጠፊያችንን የማንጠቁመው ለምንድን ነው? እርሱስ የሚያየው ጀርባችንን ብቻ አይደለም ወይ?

የመንገድ ሕግ ለእኔ ከዚያ እጅ የተለየ አይደለም። ስሜን የማያውቅ፣ ዳግመኛም የማያገኘኝ ሰው ቀጥሎ የማደርገውን አስቀድሞ እንዲያውቅ ያደርገዋል። በ1956 ዓ.ም. አገራችን በግራ መንዳትን ትታ ወደ ቀኝ ስትዞር አውቶቡሱም፣ ጋሪውም፣ ብስክሌቱም አብሮ ነው የዞረው። ቀኝ ከግራ በልጦ አልነበረም፤ ቁም ነገሩ ሁሉም በአንድ ወገን መሄዱ ነው። በዚያ ሳምንት «እኔ ትንሽ ነኝ፤ በግራ ብሄድ ማንን እጎዳለሁ?» ብሎ የወጣ ብስክሌተኛ ቢኖር ምን ይገጥመው እንደነበር አስቡት። እ.ኤ.አ. በ1968 በቪየና የተፈረመው የመንገድ ትራፊክ ስምምነትም «አሽከርካሪ» ሲል ብስክሌት የሚነዳውን ጨምሮ ነው። አስፋልቱ ለእኛም ነው ካልን ስሙን ከነግዴታው መቀበል አለብን።

ወጣት አባሎቻችን ብዙ ጊዜ ስለ አሜሪካ ያነሡብኛል። እውነት ነው፤ በአይዳሆ ግዛት እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ ብስክሌተኛ የቁም ምልክት ጋ ሲደርስ ፍጥነቱን ቀንሶ፣ ቅድሚያ የሚገባውን አሳልፎ፣ ሙሉ በሙሉ ሳይቆም እንዲያልፍ ሕጉ ይፈቅድለታል። ሌሎች ግዛቶችም በኋላ ተከትለዋል። ከቆመበት ተነሥቶ ብስክሌት ማንቀሳቀስ ምን ያህል ጉልበት እንደሚጠይቅ ለእናንተ አልነግራችሁም፤ ሐሳቡን እኔም አልጠላውም። ነገር ግን እነርሱ መጀመሪያ ሕጉን ቀየሩ፤ ስለዚህ መስቀለኛው መንገድ ላይ የሚጠብቀው አሽከርካሪ ብስክሌተኛው ምን ሊያደርግ እንደሚችል ያውቃል። እኛ ግን እያንዳንዳችን በልባችን ሕግ አውጥተን፣ ለማንም ሳንናገር እንነዳበታለን። ይህ አሠራር ለአዲስ አበባ ይበጃል የሚል አባል ሐሳቡን በጽሑፍ ያቅርብ፤ እንወያይበትና ለሚመለከተው አካል እንወስደዋለን። እስከዚያው መብራቱ ቀይ ሲሆን እንቆማለን።

አሁን ወደ ብስክሌት መስመሩ ልምጣ፤ ብዙው ንዴት ያለው እዚህ ነው። በ2011 ዓ.ም. ኅዳር ላይ «መንገድ ለሰው» ተብሎ ጎዳናዎች ለተሽከርካሪ መዘጋት ሲጀምሩ፣ ልጆቻችንን ብስክሌት ለማስተማር ያቺን አንዲት እሑድ ወር ሙሉ እንጠብቅ ነበር። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማቱ ከአራት ኪሎ ወደ ቦሌ፣ ከቦሌ ወደ መገናኛ በመሳሰሉት ጎዳናዎች የራሳችን መስመር ሲሠራ ስናይ ደስታችን ትልቅ ነበር። ዛሬ አስፋልት ላይ በተገኘን ቁጥር ሾፌሩ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «መስመር ተሠርቶላችሁ የለም እንዴ!» ይለናል። እንዲህ የሚለውን ሰው አንድ ጠዋት በዚያ መስመር አብሮኝ እንዲነዳ እጋብዘዋለሁ። እዚህ ጋ መኪና ቆሞበታል። እዚያ ዕቃ ይራገፍበታል። ሞተር ሳይክል ከኋላ መጥቶ ይጋፋል። ከሁሉ የሚከፋው መስቀለኛ መንገዱ ነው፤ በብዙ ቦታ መስመሩ እጅግ በሚያስፈልገን ቦታ ላይ ያልቅና በሚታጠፉ መኪኖች መካከል ይጥለናል። እግረኛውን ግን አልወቅስም። ልጇን አዝላ ጉድጓድና ጭቃ ስትዘል የኖረች እናት ለጥ ያለ መንገድ ስታገኝ ብትሄድበት ምን ይደንቃል? ደወላችንን በቀስታ ደውለን፣ ፍጥነታችንን ቀንሰን እንለፋት።

የውድድር ልምምድ የምታደርጉ አባላት ይህን በተለይ ስሙኝ። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚበር ሰው ሕፃናት ሚዛን መጠበቅ በሚማሩበት መስመር ላይ ቦታ የለውም። ለልምምድ በማለዳ ከከተማ ውጡ፤ በመስመሩ ላይ ስትሆኑ ቀስ በሉ።

አሁንም ወደዚያ መገናኛ ጠዋት ልመለስ፤ አንድ ያልነገርኳችሁ ነገር አለ። ልጁ ምግብ በማድረስ የሚተዳደር ነው፤ የሚከፈለው በጉዞ ብዛት ነው። መብራት ላይ የሚቆምበት እያንዳንዱ ደቂቃ ከኪሱ የሚወጣ ይመስለዋል። ሾፌሩም የሚያገኘው በምልልስ ነው፤ ማታ ለባለንብረቱ የሚያስገባው የቀን ገቢ አለበት፤ አንድ ወራጅ ቶሎ ካላወረደ ቀጣዩ ተሳፋሪ ለሌላ ታክሲ ይሆናል። ሩብ ሰዓት ሙሉ የተሰዳደቡት ሁለቱ ሰዎች የሚሮጡት ለአንድ ዓይነት እንጀራ ነበር። ስለ ሕግ መከበር ስናወራ ይህን ካልነካን ቅጣት ብቻውን የሚያመጣው ለውጥ ትንሽ ነው። ሥራ አስፈጻሚው ምግብ አድራሽ አባሎቻችንን ይዞ አሠሪዎቻቸውን ያነጋግራል። ልጁ በሰዓቱ ያልደረሰው መብራት አክብሮ ከሆነ ከደመወዙ እንዳይቆረጥበት እንጠይቃለን። ታክሲዎችም በብስክሌት መስመሩ ላይ ሳይገቡ ሰው የሚያወርዱበት በቂ ማቆሚያ እንዲኖራቸው ከአሽከርካሪ ወንድሞቻችን ጋር በአንድ ደብዳቤ ለመጠየቅ ተስማምተናል። ማቆሚያ የሌለው ሾፌር የት ይቁም?

ከዛሬ ጀምሮ ደግሞ የፊትና የኋላ መብራት የሌለው አባል ከማኅበሩ ጋር አይነዳም። መግዣ የሌለው በግልጽ ይንገረን፤ ከመጠባበቂያው ገንዘብ እንድንገዛ ሐሳቡ በከሰዓቱ ስብሰባ ለድምፅ ይቀርባል። እኔ እንዲጸድቅ እማጸናችኋለሁ። ጨለማ ውስጥ ድንገት ፊቱ የምንከሰትበት ሾፌር የቱንም ያህል ጠንቃቃ ቢሆን በዓይኑ ያላየውን ሊያድን አይችልም።

የመጨረሻው ጉዳይ የሚጀምረው በሚመጣው ቅዳሜ ነው። አሥር የሚኒባስ አሽከርካሪዎች ከእኛ ጋር ከመገናኛ እስከ ቦሌ በብስክሌት ለመሄድ ፈቅደዋል። እኛም በበኩላችን አሥር አባላት በየሚኒባሱ ጋቢና ተቀምጠን ግማሽ ቀን እንውላለን፤ ከስፖኪዮው ውስጥ ብስክሌተኛ የሚታይበትንና የሚሰወርበትን ቦታ ከሾፌሩ ወንበር አጠገብ ሆነን እናያለን። የመጀመሪያው ተመዝጋቢ እኔ ነኝ። ሁለተኛው ያ ልጅ ነው። ስምንት ቦታ ቀርቷል፤ መዝገቡ በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ነው። ቅዳሜ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ መገናኛ እንገናኝ፤ የብስክሌቶቹን ፍሬን የሚፈትሹ ሁለት መካኒኮች ከእኛው መካከል ቀደም ብለው ይገኛሉ።

ጉባኤው መከፈቱን እየገለጽኩ፣ ገንዘብ ያዣችን የሒሳብ ሪፖርቱን እንድታቀርብልን ወደ መድረክ እጋብዛታለሁ።