በውሰት የኖረ አማካይ

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ከማውራቴ በፊት የከተማ ስሞች ልዘርዝርላችሁ፦ ቤርጋሞ፣ ኡዲኔ፣ ቦሎኛ፣ ቪቼንዛ፣ ሬጆ ካላብሪያ፣ ፓዶቫ፣ እንደገና ቪቼንዛ፣ ሊቮርኖ። ይህ የአገር ጎብኚ ጉዞ አይደለም። አብዛኛውን የእግር ኳስ ዘመኑን በጣሊያን ሁለተኛ ዲቪዚዮን፣ በሴሪ ቢ ያሳለፈ የአንድ አማካይ የሥራ ታሪክ ነው። ፒየርማሪዮ ሞሮዚኒ ይባላል።

ከእናንተ መካከል ስሙን የሚያውቅ ካለ፣ የሚያውቀው በሞቱ ይሆናል። እሱ ላይ እደርሳለሁ። እኔን ግን ሁልጊዜ የሚቆጨኝ፣ የሰባት ዓመት ሥራው በአንድ ከሰዓት በኋላ መሸፈኑ ነው።

የምጠራቸው ዓመታት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ሞሮዚኒ በ1986 ቤርጋሞ ተወለደ። ኳስ የጀመረው ሞንቴሮሶ በሚባለው ሰፈሩ ቡድን ሲሆን፣ ከዚያ በአታላንታ የታዳጊዎች ማሰልጠኛ አደገ። እናቱም አባቱም የሞቱበት ገና አሥራዎቹን ሳይጨርስ ነው። በ2005 የኡዲኔ ከተማው ክለብ ኡዲኔዜ ወሰደው፤ ሃያ ዓመት ሳይሞላውም በአንደኛው ዲቪዚዮን፣ በሴሪ ኤ ተሰለፈ። በዚህ ፍጥነት የጀመረ ልጅ ወደ ላይ ይቀጥላል ብሎ መገመት ቀላል ነበር።

የቀጠለው ግን ውሰት ነው፤ ክለቡ ተጫዋቹን ለጊዜው ለሌላ ክለብ ያውሰዋል። በቀጣዩ ዓመት ቦሎኛ፣ ከዚያ ቪቼንዛ። በ2009 ክረምት ደግሞ ከ21 ዓመት በታች ብሔራዊ ቡድን ጋር ስዊድን ለአውሮፓ ዋንጫ ሄደ። በዚያ ቡድን ውስጥ ባሎቴሊ፣ ማርኪዚዮና ጆቪንኮ ነበሩ። በግማሽ ፍጻሜው ጣሊያንን 1 ለ 0 ያሸነፈችው ጀርመን ኖየርን፣ ኦዚልንና ሁመልስን ይዛ ነበር። እነዚያ ልጆች ወደ ታላላቅ ክለቦች ሲሄዱ ሞሮዚኒ ወደ ሬጆ ካላብሪያው ክለብ ወደ ሬጂና ሄደ፤ ከጣሊያን ጫማ ጫፍ ላይ፣ ሴሪ ቢ። የውድድር ዘመኑ ሳያልቅ ደግሞ አገሩን ከታች እስከ ላይ አቋርጦ ፓዶቫ ገባ።

ስለ ተጫዋች መዋዋሱ አሠራር ትንሽ ልበል፤ እኔን ከሁሉም የሚገርመኝ እሱ ነው። ጣሊያን ውስጥ ከውሰቱ ሌላ የጋራ ባለቤትነት የሚባል ነገር ነበረ። ሁለት ክለቦች የአንድን ተጫዋች መብት እኩል ይካፈላሉ። ሰኔ ሲደርስ ካልተስማሙ፣ እያንዳንዳቸው የሚከፍሉትን ዋጋ ጽፈው በታሸገ ፖስታ ያስገባሉ። ፖስታው ይከፈታል፤ ብዙ የጻፈው ልጁን ይወስዳል። ተጫዋቹ በሚቀጥለው ዓመት ቤት የሚከራየው የት ከተማ እንደሆነ ፖስታ ተከፍቶ ይነገረዋል ማለት ነው! አሠራሩ የቀረው በ2014 ነው። እንዲህ ያለ ተጫዋች የእድር ድስትን ያስታውሰኛል፤ ሁሉም ይዋሰዋል፣ ያለ እሱ ድግሱ አይወጣም፣ የቤቴ ዕቃ የሚለው ግን የለም።

ሴሪ ቢ በዚያን ጊዜ 22 ክለቦች ነበሩት፤ 42 ጨዋታ፣ አብዛኛው ቅዳሜ ቅዳሜ። በእንዲህ ያለ ውድድር መሀል ሜዳ ላይ የሚሠራ ሰው ምን ይሠራል? ተከላካዩ ተጨንቆ የሰጠውን ኳስ ጀርባውን ለተጋጣሚ ሰጥቶ ይቀበላል፤ ከመቀበሉ በፊት ግን በትከሻው ላይ ዞር ብሎ አይቷል። በአንድ ንክኪ ወደ መስመር ይሰጣል። የመስመር ተከላካዩ ለማጥቃት ሲወጣ ሮጦ ቦታውን ይሸፍናል። ኳሱ ምናልባት ወደዚያ አይመጣም። ይህ ሁሉ የሳምንቱ ምርጥ ጎሎች ቪዲዮ ውስጥ አይገባም።

የዚህን ሰው ችሎታ መለካት የምፈልግ እኔ ብሆን፣ የማየው አንድ ነገር ነው፦ ቪቼንዛ በ2010 እንደገና ጠራው። ሁለት ዓመት አብሮት ሠርቶ፣ ጉድለቱን ሁሉ አውቆ፣ መልሶ የፈለገ ክለብ ከማንኛውም ጋዜጠኛ የበለጠ ምስክር ነው። በ2012 መጀመሪያ ላይ ደግሞ ሊቮርኖ ተዋሰው።

ሚያዝያ 6 ቀን 2004 ዓ.ም፣ በፈረንጆቹ ኤፕሪል 14 ቀን 2012። እኛ ዘንድ ቀዳም ስዑር ነበር፤ ሽንኩርቱ ምድጃ ላይ፣ ቤቱ ሁሉ ጠጅ ሣር የሚሸትበት ሰዓት። ሊቮርኖ ፔስካራ ላይ 2 ለ 0 እየመራ ነው። በ31ኛው ደቂቃ ሞሮዚኒ ማንም ሳይነካው ወደቀ። ለመነሳት ሞከረ፤ ወደቀ። እንደገና ሞከረ። ወደ ጨዋታው ለመመለስ የሚታገል ይመስል ነበር። አምቡላንሱ እንዳይገባ የማዘጋጃ ቤት ፖሊስ መኪና መንገዱን ዘግቶ ስለነበር መስታወቱን ሰብረው ነው ያነሱት። ሞሮዚኒ አልተረፈም፤ 25 ዓመቱ ነበር። የዚያ ሳምንት የጣሊያን ጨዋታዎች በሙሉ ተቋረጡ። ምርመራው በዘር የሚመጣ፣ የልብ ምትን የሚያዛባ የልብ ጡንቻ በሽታ አገኘ። ጣሊያን ተወዳዳሪ ስፖርተኞች የልብ ምርመራ እንዲያደርጉ ከ1982 ጀምሮ የምታስገድድ አገር ናት፤ ያም ሆኖ አመለጠ። በ2013 የስፖርት ክለቦች የልብ ማስነሻ መሣሪያ እንዲኖራቸው የሚያዝ ድንጋጌ ወጣ፤ ትንንሾቹ ክለቦች ላይ የጸናው ግን ከብዙ ማራዘም በኋላ በ2017 ነው። አራት ዓመት! ለአንድ ሣጥን መሣሪያ።

ሞሮዚኒ በወደቀበት ዓመት፣ አሠልጣኝ ዜማን በሚመራው ተጋጣሚው ፔስካራ ውስጥ ቬራቲ፣ ኢንሲኜና ኢሞቢሌ ነበሩ። ኢንሲኜ ከናፖሊ፣ ኢሞቢሌ ከዩቬንቱስ በውሰት የመጡ ናቸው። በ2021 ሦስቱም በዌምብሌ የአውሮፓ ዋንጫ አነሱ። ውሰቱ ያው ውሰት ነው፤ ለእነሱ መሰላል ሆነ። ሞሮዚኒ በበኩሉ ባይታመምም ምናልባት እስከ ሠላሳ አምስት ዓመቱ ከከተማ ከተማ ይዞር ነበር። እኔ ያንን ውድቀት ብዬ አልጠራውም፤ በየዓመቱ የሚፈልገው አሠልጣኝ አላጣም።

ሊቮርኖና ቪቼንዛ 25 ቁጥር ማልያን ከዚያ በኋላ ለማንም አንሰጥም አሉ። ሁለቱም የተዋሱት ክለቦች ናቸው፤ ሊቮርኖ ደግሞ የያዘው ለጥቂት ወራት ብቻ ነበር። በኡዲኔዜም ላይ ፍርደ ገምድል መሆን አልፈልግም፦ የክለቡ አምበል አንቶኒዮ ዲ ናታሌ፣ የአካል ጉዳት ያለባትንና ብቻዋን የቀረችውን የሞሮዚኒን እህት ለመደገፍ ከቀደሙት አንዱ ነበር።

ለዛሬ ይኸው ነው።