ቅርስ የሚጠበቀው ከጨረታ ሰነዱ ጀምሮ ነው
(በደብረ ማርቆስ ከተማ ለባህልና ቱሪዝም፣ ለገንዘብና ለግዥ ባለሙያዎች የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ አባቶች፣ የባህልና ቱሪዝም ባለሙያዎች፣ የገንዘብና የግዥ ሥራ ባልደረቦች፣ ክቡራንና ክቡራት፤

ስለ ሙዚየም በተሰበሰብን ቁጥር ስለ ታሪክ እንነጋገራለን፤ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መቀመጫ በነበረችው በዚህች ከተማ ደግሞ ታሪክ ማንሳት ለማንም አይከብድም። እኔ ዛሬ የመጣሁት ስለ ገንዘብ ለመናገር ነው። ከሕዝብ ግብር የሚመደብ በጀት ያለው ሙዚየም ያንን በጀት በምን ዓይነት ጨረታ፣ በምን ዓይነት ውል፣ በየትኛው ወር እንደሚያወጣው መናገር እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም በአገራችን ብዙ ቅርስ የሚጎዳው በሌባ እጅ ከሚጎዳው ባልተናነሰ ሕጉን ጠብቆ በተፈጸመ ግዥ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሙዚየም የሚገዛው ብዙ ነው። የጣሪያ እድሳት፣ የጥበቃና የጽዳት አገልግሎት፣ የደህንነት ካሜራ፣ የእሳት ማጥፊያ፣ የተባይ መከላከያ፣ የማሳያ ሣጥን፣ መብራት፣ ሁሉም በውል የሚፈጸም ነው። ጎብኚው የሚያየው ቅርሱን ነው፤ ቅርሱን ከላይ የሸፈነው ጣሪያ፣ ከፊት የጋረደው መስታወት፣ ከጎን የሚያበራለት አምፖል ግን እያንዳንዱ አንድ የግዥ ሰነድ አለው።

ስሙን የማልጠራው አንድ ሙዚየም ያወጣውን የጨረታ ሰነድ ገልጬ አይቻለሁ። ለብራና መጻሕፍትና ለብር መስቀሎች የሚሆን ሣጥን የተጠየቀበት መስመር «የመስታወት ሣጥን፣ ባለ መብራት፣ ባለ ቁልፍ፣ ጥራት ያለው» ይላል፤ ሌላ ቃል የለውም። አሸናፊው ድርጅት ከኮምፖንሳቶ የተሠራ፣ በደንብ ቫርኒሽ የተቀባ፣ ሲያዩት ዓይን የሚስብ ሣጥን አመጣ። የርክክብ ኮሚቴው ቁልፉን ከፈተና ዘጋ፣ መብራቱን አበራና አጠፋ፣ ቁጥሩን ቆጠረ፣ የዕቃ መረከቢያ ደረሰኙ ሞዴል 19 ተቆረጠ፣ ክፍያው ተፈጸመ። ኦዲተር መጥቶ ቢመረምረው አንድም የጎደለ ፊርማ አያገኝም።

ጉዳቱ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ብራና ቆዳ ነው፤ ሲሞቅ ይደርቃል፣ ይሸበሸባል፣ ሲርስም ያብጣል፤ በላዩ የተሣለው ሥዕል ደግሞ ቆዳው በተንቀሳቀሰ ቁጥር እየተቀረፈ ይረግፋል። በሣጥኑ ውስጥ የተገጠመው የሚግል አምፖል ቀን ቀን ያሞቀዋል፣ ማታ ሲጠፋ ይቀዘቅዛል። በዓለም ላይ ያሉ የቅርስ ጥበቃ ባለሙያዎች ለብራናና ለቀለም ሥዕል ብርሃኑ ከ50 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) አካባቢ እንዳያልፍ የሚመክሩት በከንቱ አይደለም። የኮምፖንሳቶው ሙጫና ቫርኒሹም በተዘጋው ሣጥን ውስጥ አሲድነት ያለው ትነት ይለቃሉ፤ ይህም ብረታ ብረቱንም ብራናውንም ቀስ እያለ ይበላል። ስለዚህ ያ ሙዚየም ቅርሱን ለመጠበቅ ባወጣው ገንዘብ ቅርሱን የሚያበላሽ ዕቃ ገዛ ማለት ነው። በሰነዱ ላይ «ሙቀት የማይሰጥ ኤልኢዲ መብራት፣ ከሣጥኑ ውጭ የሚገጠም፣ ውስጡ ከቀለም ቅብ ብረትና ከመስታወት በቀር እንጨትና ሙጫ የሌለበት» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ቢጨመር ኖሮ ውጤቱ ሌላ ይሆን ነበር።

የግዥ ባልደረቦቼን ለመውቀስ አይደለም ይህን የምለው። ሕጉን የምታውቁት እናንተ ናችሁ። በፌዴራል ደረጃ ለዓመታት ስንሠራበት የኖረው አዋጅ ቁጥር 649/2001ም ሆነ እርሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 1333/2016 ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበውን ሁሉ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ውሰዱ አይሉም፤ የክልላችንም የግዥ ሥርዓት መንፈሱ ከዚህ የተለየ አይደለም። ገምጋሚው ግን በጨረታ ሰነዱ ውስጥ ያልተጻፈ መስፈርት በግምገማ ሰዓት ማምጣት አይችልም፣ ማምጣትም የለበትም። እንግዲህ መስፈርቱን ጽፎ መስጠት የነበረበት የሙዚየሙ ባለሙያ ጥቂት ቃል ብቻ ጽፎ ከላከ፣ ግዥ ክፍሉ ባለው ሰነድ ላይ ተመሥርቶ በዋጋ ከማወዳደር ሌላ ምን ምርጫ አለው? ዝርዝር መግለጫ የጽሕፈት ሥራ ተደርጎ መታየቱ ይቅር። የቅርስ ጥበቃ ሥራ ነው፤ ቅርሱን የሚያውቅ ሰው ይጻፈው፣ ይፈርምበት፣ በርክክቡም ቀን ይገኝ።

በሕንፃ ላይ ደግሞ ስህተቱ ይከብዳል። ጎረቤታችን ጎንደር የሚገኘው የፋሲል ግቢ በጣሊያን ወረራ ዘመን በሲሚንቶና በኮንክሪት ተጠግኖ ነበር፤ በኖራ የተገነባ ግንብ ግን ሲሚንቶ አይስማማውም። ኖራ እርጥበትን ያስተነፍሳል፣ ሲሚንቶ ያፍነዋል፤ የታፈነው ውኃ መውጫ ሲያጣ ድንጋዩን ይሸረሽራል። በኋላ የመጡት ባለሙያዎች በኖራ እንደገና መሥራት ግድ ሆነባቸው። የእኛም መርጡለ ማርያም ከንግሥት እሌኒ ጋር ስሙ የሚነሣ የድንጋይ ሕንፃ ፍርስራሽ ይዛለች። ነገ ለእንዲህ ዓይነቱ ሥፍራ የጥገና ጨረታ ሲወጣ በሰነዱ ላይ «ሲሚንቶ» ወይም «ኖራ» የሚለው ቃል በማን እጅ ነው የሚጻፈው? የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ማንኛውም የቅርስ ጥገና አስቀድሞ ፈቃድ እንዲያገኝ ያዝዛል። ይህ ፈቃድ ሳይያያዝ ለተቋራጩ ቅድመ ክፍያ እንዳይለቀቅ በውሉ ውስጥ ቢገባ፣ ብዙ ቅርስ ከመጎዳቱ በፊት ይድናል።

ሀብታም አገርም ከዚህ ችግር ነፃ አይደለም። በአሜሪካ የሚገኘው የስሚዝሶኒያን ተቋም እ.ኤ.አ. በ1846 የተመሠረተ፣ ዛሬ 21 ሙዚየሞችና አንድ የእንስሳት ፓርክ የሚያስተዳድር፣ ከበጀቱም ከግማሽ በላይ የሚሆነውን፣ በዓመት ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ፣ ከመንግሥት የሚቀበል ተቋም ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 የተከፈተው የአቪየሽንና የሕዋ ሙዚየሙ ውጫዊ ግድግዳ ቀጭን ሆኖ በተቆረጠ እብነ በረድ ተለብጦ ነበር፤ ድንጋዩ ከጊዜ ብዛት ጎበጠ፣ ተሰነጠቀም፤ እ.ኤ.አ. በ2018 በተጀመረው ትልቅ እድሳት ልባሱ በሙሉ በሌላ ድንጋይ ተተካ። በድንጋዩ ውፍረት ላይ የተቆጠበው ገንዘብ ከአርባ ዓመት በኋላ ብዙ እጥፍ ሆኖ ተከፈለ። ይኸው ተቋም በወቅቱ ሳይሠራ ለተከማቸ ጥገና ብቻ ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ ያስፈልገዋል።

ከእነርሱ የምቀናበት አንድ ነገር ግን አለ። እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣ ሕግ መሠረት የፌዴራል መንግሥቱ ውሎች ለሕዝብ ክፍት በሆነ የመረጃ ቋት ይሰፍራሉ፤ አንድ መሥሪያ ቤት ከማን ምን እንደገዛ፣ በስንት ዶላር፣ በየትኛው ቀን እንደተዋዋለ ማንኛውም ዜጋ በቤቱ ሆኖ ያያል። የእኛም መንግሥት ግዥውን ወደ ኤሌክትሮኒክ ሥርዓት እያሸጋገረ መሆኑ ደስ ያሰኛል፤ ሥርዓቱ ተጫራቾችን ከማገናኘት አልፎ ሕዝቡ ውሉን የሚያነብበት መስኮት እንዲሆን ግን መጠየቅ አለብን።

አሁን ወደ ጎጃም ሰማይ ልመለስ፤ ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ይኸ ነውና። የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ተጀምሮ ሰኔ 30 ይዘጋል። ዕቅዱ ጸድቆ፣ በጀቱ ተለቆ፣ ጨረታው ወጥቶ፣ ቅሬታው ታይቶ አሸናፊው ሲለይ ግንቦት ይገባል። ከዚያ ሰኔ ሳያልቅ ገንዘቡን ለመጠቀም ይሮጣል። በዚህ አገር ግን ሰኔ ማለት ዝናብ ማለት ነው። ጣሪያን ለመጠገን የተፈረመ ውል ቆርቆሮውን ገንጥሎ ዕቃ ቤቱን ለክረምት ያጋልጣል፤ ይህም የሚሆነው የቀን መቁጠሪያችንን ሳናስብ ስለምንዋዋል ነው። የማዕዘኑ እርጥበት ወደ መጻሕፍቱ መደርደሪያ እስኪደርስ ብዙ ቀን አይፈጅም። ለደጋው ደብረ ማርቆስም፣ ከጣና ውኃ አጠገብ ላለው ባሕር ዳርም እውነቱ አንድ ነው፤ ጣሪያ የሚከፈተው ከጥቅምት እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ነው። ይህ እንዲሆን ደግሞ የጨረታ ሰነዱ በሐምሌና በነሐሴ፣ ዝናቡ እየጣለ ሳለ፣ ጠረጴዛ ላይ መዘጋጀት አለበት።

ሌላው ትንሽ የሚመስል ጉዳይ የመደበኛ በጀቱ ነው። አዲስ ሕንፃ ሲመረቅ ሪባን የሚቆርጥ አይጠፋም፤ አሸንዳ ለመጥረግ፣ የእሳት ማጥፊያውን ለመሙላት፣ የተባይ መከላከያውን በየጊዜው ለማደስ የሚፈረም ውል ግን ማንም አያጨበጭብለትም፤ በጀት ሲቀነስ መጀመሪያ የሚሰረዘውም እርሱ ነው። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ነው። የካፒታል ፕሮጀክት ሲፈቀድ የጥገናው ወጪ አብሮ ለዓመታት ይያዝ፤ ካልተያዘም ፕሮጀክቱ አይጽደቅ ብዬ በድፍረት እጠይቃለሁ።

ከዚህ አዳራሽ ስትወጡ የምጠይቃችሁ ይህን ነው። የባህልና ቱሪዝም ባለሙያዎች፣ ለመጪው በጀት ዓመት የምትጠይቁትን ዕቃ ዝርዝር መግለጫ ከአሁኑ ጻፉ፤ የቅርስ ጥበቃ ዕውቀት ያለው ሰው ሳይፈርምበት አትላኩት። የገንዘብ ኃላፊዎች ሆይ፣ ያ ፊርማ የሌለበትን የሙዚየም ግዥ ጥያቄ መልሱት፤ መመለሳችሁ እንደ ማዘግየት እንዳይቆጠርባችሁ እኛም አብረን እንከራከራለን። በየሙዚየሙ መግቢያ፣ የትኬት ዋጋ ከሚለጠፍበት ሰሌዳ ጎን፣ በዓመቱ የተፈረሙ ውሎች ዝርዝር ከተዋዋዩ ስምና ከገንዘቡ መጠን ጋር ይለጠፍ። ለዚህ አዲስ በጀት አያስፈልግም፤ አንድ ወረቀትና አራት ሚስማር ይበቃዋል፣ የሚቀጥለው ሐምሌ ሳይገባም ሊጀመር ይችላል።

አመሰግናለሁ።