ድምፅሽን ይዘሽ ተመለሽ

የተከበራችሁ የደሴና የአካባቢዋ እናቶችና አባቶች፣ የጤና ኤክስቴንሽን እህቶቼ፣ ተማሪዎች፣ እንደምን አረፈዳችሁ።

ከአክስቴ ልጀምር። አክስቴ ባቲ አካባቢ በመንዙማ የታወቀች ነበረች። እሷ ካላወጣች ሐድራው አይሞቅም ነበር። እንቅርቷ ሲያድግባት ኦፕራሲዮን ተደረገች። እንቅርቱ ወጣ፣ ድምፅዋም አብሮት ሄደ። በማግስቱ ደግሞ ከንፈሯ ዙሪያ ጉንዳን የሚሄድባት መሰላት፣ ጣቶቿም ተኮማተሩ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሲባል በእኛ ቤት ተረት ብቻ አልነበረም። ያኔ ልጅ ነበርኩ። ዛሬ እኔው ራሴ እንቅርት የማወጣ ሐኪም ነኝ።

ለምን እንዲህ ሆነች? እንቅርት ማለት አንገታችን ፊት ያለው የታይሮይድ ዕጢ ሲያድግ ነው። ከዚህ ዕጢ ጀርባ፣ በግራና በቀኝ፣ የድምፅ አውታሮቻችንን የሚያንቀሳቅሱ ሁለት ቀጫጭን ነርቮች ያልፋሉ። መንገዳቸው ይገርማል። ከላይ ተነስተው አንገትን አልፈው ይወርዳሉ፣ ትልልቅ የደም ስሮችን ከሥር ዞረው እንደገና ወደ ጉሮሮ ይወጣሉ። የግራው ደረት ድረስ ይዘልቃል። ከደሴ ኮምቦልቻ ወርዶ ተመልሶ ጦሳ ሥር እንደሚገባ መንገደኛ ማለት ነው። ታዲያ እኛ ምላጭ ይዘን የምንሠራው በመልስ ጉዞው ላይ ነው።

ሌሎቹ የታይሮይድ ጎረቤቶች ፓራታይሮይድ የሚባሉ ትንንሽ ዕጢዎች ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ አራት ናቸው፣ እያንዳንዱ ምስር ያህላል። የደማችንን ካልሲየም የሚቆጣጠሩት እነሱ ናቸው። ቀለማቸው ከስብ ጋር ስለሚመሳሰል በቀላሉ አይለዩም። የስዊድኑ ሳንድስትሮም በሰው ላይ ለይቶ የጻፋቸው በ1880 እ.ኤ.አ. ነው። የአክስቴን ጣቶች ያኮማተረው እነሱ ተጎድተው ካልሲየሟ መውረዱ ነበር።

እና ምን ይደረግ? ቀዶ ሐኪም ነርቩን መራቅ ሳይሆን መፈለግ አለበት። አግኝቶ፣ በዓይኑ አይቶ፣ ጉሮሮ እስኪገባ ድረስ መከተል። ነርቩን የሚከታተል መሣሪያ ካለ ጥሩ ነው፣ ዓይንን ግን አይተካም። ደም የሚያቆመው የኤሌክትሪክ መሣሪያ ነርቩ አጠገብ መድረስ የለበትም፣ ሙቀቱ ይሻገራል። የደም ስሮቹም የሚታሰሩት ከታይሮይዱ ገላ ተጠግተው፣ አንድ በአንድ ነው። ከራቅ ብሎ ዋናውን ያሰረ ሰው የእነዚያን ምስሮች ቀለብ ቆረጠ ማለት ነው። ደሙ የተቋረጠበት ፓራታይሮይድ ካለ አይጣልም። ደቆ ተከትፎ እዚያው የአንገት ጡንቻ ውስጥ ይተከላል፣ ከሳምንታት በኋላ ሥራ ሊጀምር ይችላል።

አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። በአንድ በኩል ነርቩ እንደተጎዳ ከታወቀ፣ ሌላውን ጎን ለሌላ ቀን ማቆየት ይሻላል። አንዱ ሲጎዳ ድምፅ ይሻክራል። ሁለቱም ሲጎዱ ግን ትንፋሽ ራሱ ይዘጋል። ለታካሚዋ ቤተሰብ "ግማሹን ሠርተን አቁመናል" ማለት ይከብዳል፣ አውቃለሁ። ቢሆንም በሉት።

እናንተም ጠይቁ። "ድምፄ ከኦፕራሲዮኑ በፊት ይታያል ወይ? ካልሲየሜስ ይለካል?" በሉ። ካልሲየም ብዙ ጊዜ የሚወርደው ከአንድ እስከ ሦስት ባለው ቀን ነው። ወገልጤና ወይም መካነ ሰላም ለምትመለሱ ይህ ጊዜ መንገድ ላይ ሊገጥማችሁ ይችላል። ከንፈር ወይም ጣት ከደነዘዘ አትደሩ፣ የዚያኑ ሰዓት ደውሉ። አዮዲን ያለው ጨው መጠቀም እንዳይረሳ፣ እሱንማ የጤና ኤክስቴንሽን እህቶቼ በደንብ ይነግሯችኋል።

አክስቴ "ሴቶቹን ዜማቸውን ጠይቃቸው" ትለኛለች። እኔም ፈቃደኛ የሆነችውን ሁሉ ከኦፕራሲዮኑ በፊት አንድ ነገር እንድታዜምልኝ እጠይቃለሁ፣ በስልኬም እቀዳለሁ። በማግስቱ ደግሞ እንደገና። ባለፈው ሰሞን አንዲት እናት አንገቷ በፋሻ እንደታሰረ አምባሰልን ጀመረችልኝ። ቀስ ብላ ወደ ላይ ወጣች። ነርሶቹ ሥራቸውን አቁመው ሰሟት።