ፈሪ አይደለሁም፣ ካቦው ነው

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ ብቻዬን ነኝ፤ የማወራውም ስለ ብስክሌት ፍሬን ነው። የቸርኬው መሃል ላይ ያለውን ክብ ብረት ስለሚይዘው ስለ ዲስኩ አይደለም። ቸርኬውን ግራና ቀኝ ይዞ ስለሚያቆመው ስለ ድሮው።

ከእንጦጦ በኮርስ ብስክሌት የወረደ ሰው ይገባዋል። ከፍታው ላይ አየሩ ስስ ነው፣ ብዙም አይይዛችሁም። ሳታስቡት ትከንፋላችሁ። ፍሬኑን ካላመናችሁት ደግሞ ከላይ እስከ ታች ጨብጣችሁት ነው የምትወርዱት። እጅ ይዝላል፣ ቸርኬው ይግላል። ጓደኞቼ ይሄንን ፍርሃት ይሉታል። እኔ የካቦ፣ ከእጅ መያዣው እስከ ፍሬኑ የሚሄደው ሽቦ፣ ጉዳይ ነው እላለሁ።

እውነቴን ነው። ጣታችሁ የሰጠው ጉልበት ቸርኬውን የሚነካው የፍሬኑ ጎማ ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ ያልቃል። ክረምት ካለፈ በኋላ የካቦው ሽፋን ውስጥ ጭቃና ዝገት አለ። ካቦውን ከፍሬኑ ፈታ አድርጉና በእጃችሁ ወዲያ ወዲህ ሳቡት። ከሻከረ መቀየር ነው። ሽፋኑ ሲቆረጥ ጫፉ ቀጥ ማለት አለበት፤ ከተንጋደደ በጨበጣችሁ ቁጥር ይጨመቅና ፍሬኑ ስፖንጅ ይሆንባችኋል።

ከዚያ የፍሬኑን ጎማ አውጥታችሁ እዩት። የሚያብረቀርቅ ነገር ተሰክቶበታል? እሱ ከቸርኬው የተላጠ አሉሚኒየም ነው፣ መልሶ ቸርኬውን ይበላዋል። በመርፌ ንቀሉት፤ ፊቱን በብርጭቆ ወረቀት ትንሽ አሹት። ከደረቀ ግን አትለፉ፣ ጣሉት። ቸርኬውን በንጹህ ጨርቅና በአልኮል ጥረጉት። የሚጮህ ከሆነ የጎማው የፊት ጫፍ በጣም ትንሽ ቀድሞ እንዲነካ አድርጋችሁ እሰሩት። ቸርኬው ራሱም ያልቃል። ጎኑ ወደ ውስጥ ከጎደጎደ ይቀየር፣ በዚህ ቀልድ የለም።

አያያዝም አለ። የመሪውን የታችኛውን ጥምዝ ስትይዙ ጣት የበለጠ ጉልበት ያገኛል። ከኩርባው በፊት ፍሬኑን ጠንከር አድርጋችሁ ያዙ፣ ከዚያ ልቀቁ። ዋናው ሥራ የፊተኛው ፍሬን ነው፤ ስትይዙ ክብደታችሁ ወደ ፊት ይመጣል። ዝናብ ከሆነ ቀደም ብላችሁ ነካ አድርጉት፣ መጀመሪያ ውሃውን መጥረግ አለበት።

«ዲስክ ግዛና ተገላገል» የሚሉኝ አሉ። በዝናብ ዲስክ ይበልጣል፣ አልክድም። ግን ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን፣ የአልፕስን ቁልቁለት የወረደው በዚሁ ፍሬን ነው። ኮሎምቢያዊው ኤጋን በርናልም በ2019 ቱሩን በዚሁ አሸንፏል። እኔ እንጦጦን ለመውረድ ምን ጎደለኝ?

በሉ፣ ካቦ ስትገዙ ሽፋኑንም አብራችሁ ግዙ። ባለሱቁ «ሽፋኑ ገና ነው» ቢላችሁ አትስሙት። ሰላም ሁኑ።