ሁለቱ ወንድማማች ነገሥታት

ክቡራን አባቶች፣ የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤት መምህራን፣

አንድ ምሽት ልጄ ከደብተሯ ቀና ብላ፣ «አባዬ፣ ክርስትናን የተቀበለው ንጉሥ ማን ነው? መጽሐፋችን ኢዛና ይላል፤ ቤተ ክርስቲያን ወንድማማቾቹ አብርሃ ወአጽብሐ ናቸው ትላለች። ከሁለቱ የቱ ነው የተሳሳተው?» አለችኝ። የሰጠኋት መልስ እኔንም አላረካኝም። ዛሬ የመጣሁት ያን መልስ ላቃና ነው።

ከድንጋዩ ልጀምር። የ4ኛው ክፍለ ዘመን የአክሱም ንጉሥ ኢዛና በድንጋይ ባስቀረጻቸው ቀደምት ጽሑፎቹ ራሱን የማይሸነፈው የጦርነት አምላክ የመሕረም ልጅ ይላል። በኋለኞቹ ግን ድል የሰጠው የሰማይ ጌታ ነው፤ በአንድ የግሪክኛ ጽሑፍ ላይማ አብን፣ ወልድንና መንፈስ ቅዱስን ይጠራል። በገንዘቡም ላይ ጨረቃና ክቡ ምልክት ለመስቀል ቦታ ለቀቁ። በዚህ ሁሉ መካከል አብርሃ የሚል ስም የለም። ብዙ ተመራማሪዎች ስሞቹን የሚያገናኙት ከ6ኛው ክፍለ ዘመን ጋር ነው፦ አፄ ካሌብ እለ አጽብሐ ይባል ነበር፤ በዚያው ዘመን በየመን የነገሠው ደግሞ አብርሃ ነበር።

እንግዲህ የሕዝቡ ትዝታ በሁለት መቶ ዓመት የሚራራቁትን አገናኝቷል ማለት ነው። «ተረት ነው» ብሎ እዚህ ላይ የሚያቆም ሞልቷል። እኔ ማቆም አልቻልኩም።

በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ356 ገደማ የሮሙ ንጉሠ ነገሥት ቆንስጣንዮስ ወደ አክሱም ደብዳቤ ጻፈ። የመጀመሪያው ጳጳሳችን አባ ሰላማ ፍሬምናጦስ ወደ እስክንድርያ ተልኮ፣ የአርዮስ ወገን በሆነው ጳጳስ በጊዮርጊስ ፊት ይመርመር የሚል ነበር። ደብዳቤውን ጠብቆ ያቆየልን ቅዱስ አትናቴዎስ ነው። የተጻፈው ለማን መሰላችሁ? ለሁለት ሰዎች፣ ለኢዛናና ለሳዛና! ኢዛና በቤጃ ላይ ስላደረገው ዘመቻ ባስቀረጸው ድንጋይ ደግሞ ሳዛናን ወንድሜ ይለዋል።

ሳዛና አብሮ ነግሦ ነበር ብዬ አልከራከርም፤ ማስረጃው እስከዚያ አይወስደኝም። ነገር ግን ገንዘቡን ብቻ የሚያይ ሰው አንድ ንጉሥ ብቻ ነው የሚያየው። ሁለት ወንድማማቾች እንደነበሩ ሲዘምር የኖረው ሕዝቡ ነው። ስሙ ተለወጠበት እንጂ ወንድማማችነቱ አልጠፋበትም።

ደግሞስ ታሪክ የምንለው ከትዝታ ውጭ ነው? የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊው ሩፊኖስ የፍሬምናጦስን ታሪክ የጻፈው አብሮት ተማርኮ የነበረው ኤዴስዮስ በጢሮስ ሲተርክ ሰምቶ ነው። የንጉሡን ስም እንኳ አልነገረንም። እርሱን በሙሉ ልብ እየጠቀሱ የኛን አባቶች ትውፊት ገና ሳይመረምሩ የሚጥሉ ሰዎች ያሳዝኑኛል። ድንጋዩ እምነታችንን ያናውጣል ብለው ልጆችን የሚያስፈራሩም እንዲሁ።

ጥቅምት 4 የአብርሃ ወአጽብሐ በዓል ሲከበር ልጄ የኢዛናን ገንዘብ ሥዕል በደብተሯ ይዛ ትመጣለች። እባካችሁ፣ ስትጠይቃችሁ «ዝም በይ» አትበሏት። ድንጋዩ የሚለውን ከድንጋዩ፣ ትውፊቱ የሚለውን ከትውፊቱ እያላችሁ ንገሯት።